ሉል ላይ የተቀመጠው ሕፃን

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ አሥራ ሁለተኛው ቀን
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰላምታዬ እንደ ወትሮው በስልክ ሳይሆን በወረቀት ስለመጣብሽ አትደንግጪ። ሁላችንም በሕይወት፣ ሁላችንም በጤና ነን። ይህን ያስቀደምኩት አውቄሽ ነው። ፖስታ ስታዪ መጀመሪያ የሚታይሽ ክፉ ክፉው ነው፤ በዚህስ ቁርጥ እኔን ነሽ።

አባትሽ ደህና ነው፤ ጆሮው ግን ጭራሽ እየከዳው ነው። የማዳመጫ መሣሪያውን የገዛንለት ለጆሮው ነበር፤ እሱ በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ለእንግዳ ቀን አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "ዛሬስ የሚረባ ወሬ የለም" ብሎ ይተወዋል። እኔም በገዛ ቤቴ እንደ አውቶቡስ ረዳት ስጮኽ እውላለሁ። ምን እንደምንበላ፣ መቼ እንደምንተኛ፣ የማን ጉልበት እንዳበጠ ጎረቤት ሳይጠይቅ ያውቃል።

ለምን ደውለሽ አልነገርሽኝም እንዳትይ። ስልክ ላይ ሁለታችንም የለየልን ውሸታሞች ሆነናል። አንቺ "ደህና ነን፣ ብርድ ነው" ትያለሽ። እኔ "ደህና ነን፣ ዝናብ ነው" እላለሁ። አየሩን አውርተን ስንጨርስ ስልኩን እንዘጋለን። "አታንሱብኝ" አልሽ፤ እኛም አላነሳንም። ቃልሽን አክብረን ይኸው ዓመት አለፈን። ዝም አይነቅዝም ይላል ተረቱ። እኔ ግን ዝምታ ሲነቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእኛ ቤት፣ በዚህችው ጠረጴዛ ዙሪያ። ስለዚህ ዛሬ አነሳዋለሁ። ማንበቡ ከከበደሽ እዚህ ላይ አጥፈሽ አስቀምጪው፤ አልቀየምሽም። ልብሽ በፈቀደ ቀን ታነቢዋለሽ።

አሁንም እያነበብሽ ከሆነ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

የምሠራበትን ምድር ቤት ታስታውሺዋለሽ፤ ያቺ የመንገደኛ እግር ብቻ የሚታይባት መስኮት ያለችበትን። አሁንም ሰፈሩን የማውቀው በጫማው ነው። ሙዚየሙ እንደ እኛው አርጅቷል። ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው ቧንቧ ፈነዳና ውኃው ሳንቲሞቹ በሚቀመጡበት መጋዘን ላይ ወረደ። ጠዋት በሩን ስንከፍት ባዶ ሣጥኖች እንደ ጀልባ ይንሳፈፉ ነበር። ማን አለቃ፣ ማን ሠራተኛ ሳንል ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ጠቅልለን ስንቀዝፍ ዋልን። ጋሽ አጉሊ እንኳ!

ጋሽ አጉሊን መቼም አትረሺያቸውም። የሳንቲም ክፍሉ ኃላፊ፣ አጉሊ መነጽሩን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚተኙ የሚመስሉት። ልጅ ሳለሽ ከረሜላሽን ተቀብለው በማጉያው እያዩ "ይህ የየትኛው ንጉሥ ዘመን ነው?" ይሉሽ ነበር። ያው ናቸው። ፀጉራቸው ብቻ አልቋል።

ከውኃው ካወጣናቸው መካከል አንድ የእንጨት ትሪ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው "ሮም፣ የማይነበቡ" ብሎ ጽፎበታል። እንዲህ የተባለን ነገር ማን ዞሮ ያያል? እኔም ሳንቲሞቹን ላደርቅ ስዘረጋ ነው አንዷን ጥቁር ነገር ያነሳሁት። ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ተለቅ ትላለች። ከሰል ናት ብትባዪ ታምኛለሽ። ከጠርዟ ግን ትንሽ ቅርፊት ተነሥቶ ከሥሩ ብልጭ አለ። ብር ናት።

"ይቺን ልሞክራት?" አልኳቸው ጋሽ አጉሊን።

"ትሪው ምን ይላል?"

"የማይነበቡ።"

"እና?"

"ማንም ያላነበባቸው ለማለት ይሆናላ።"

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "እስቲ ማስረጃ አምጪ" አሉ። እንደምታውቂው እሳቸው ዘንድ ይህ ፈቃድ ነው።

ሥራው ቀርፋፋ ነው። ብር ለስላሳ ስለሆነ ብረት አላስነካውም። ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጬ፣ ጠብታ እያሳረፍኩ፣ እጀታ ላይ በሰካሁት የጃርት እሾህ ቅርፊቱን በጥቂት በጥቂቱ አነሳለሁ። ከውጭ የሚያየኝ ሰው እንቅልፍ የወሰዳት ይመስለዋል። አባትሽ ማታ ማታ "ዝገትሽ እንዴት ዋለ?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ጆሮ ነው። ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ቀጥ ያለ አፍንጫ። ከግንባሩ በላይ እንደ ንብ ቀፎ የተቆለለ ጥቅልል ፀጉር፣ ወደ ኋላ የወረደ ረጅም ጉንጉን። ሴት ናት! ጋሽ አጉሊን ጠራኋቸው። ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ ገና ሳያሳርፉ ፈገግ አሉ።

"ፊት ያሳስታል፣ ፀጉር ግን ዘመኑን ይናገራል። እንዲህ የሚሠሩት የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ። ፊደሉን አውጪልኝ።"

የጥንት ሳንቲም ዓይነቱ ታወቀ የሚባለው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፤ የፊተኛው ገጽ መልክ፣ ዙሪያውን ያለው ጽሑፍ፣ የጀርባው ሥዕል። መልኩ ወጥቷል። ጽሑፉን ከጠርዙ ጀምሬ ሳጸዳ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። "ዶሚቲያ" ይላል። የሮም ንግሥት፣ በእኛ ቋንቋ ድምጥያኖስ የምንለው ንጉሠ ነገሥት ሚስት። ይህ እንግዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር ነው። ባልየው ክፉ ስም ጥሎ ያለፈ ሰው ነው።

"ጀርባዋ ጣዎስ ነው" አሉ ጋሽ አጉሊ ገና ሳልገለብጣት።

"እንዴት አወቁ?"

"የእሷ ሳንቲም ሲገኝ ብዙ ጊዜ ያ ባለ ውብ ጅራቱ ወፍ፣ ጣዎስ ነዋ። ሌሎችም አሉ። እነሱ ግን ወደ እኛ ዓይነቱ ምድር ቤት አይመጡም።"

ገለበጥኳት። ጀርባዋ ከፊቷ ይልቅ ወፍራም ቅርፊት ለብሷል። ይባስ ብሎ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ መሐል የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ብር ብዙ ዘመን መሬት ውስጥ ሲከርም ውስጡ ይደርቃል፤ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው። ጋሽ አጉሊ ስንጥቁን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ተይው። ንግሥቲቱ ተገኝታለች፤ ይበቃናል። ለጣዎስ ብለን አንሰብራትም።"

"ጣዎስ ባይሆንስ?"

"ማስረጃ አለሽ?"

"የለኝም። ማስረጃው ከቅርፊቱ ሥር ነው ያለው።"

"እጁ ያንቺ ነው፤ ጸጸቱ ግን የሁለታችን ይሆናል" ብለውኝ ወጡ።

ስንጥቁን ለብቻው በሙጫ አስያዝኩና ከእሱ ርቄ፣ ከታች ጀመርኩ። ለቀናት ምንም የለም። አንድ ቀን ከጥቁሩ ውስጥ ክብ ነገር ወጣ፤ ኳስ የመሰለ። ጋሽ አጉሊ መጥተው "ይኸውልሽ፣ የጣዎሱ ሆድ!" አሉና እጃቸውን አፋተጉ። ፎቶግራፍ አንሺያችን ደስ ብሏት "አፉ በሉኝ፣ መጀመሪያ የማነሳው እኔ ነኝ" አለች። እኔ ግን ቀጠልኩ። ከኳሱ ላይ አንድ ወፍራም ባት ወረደ።

"ጋሽ አጉሊ" አልኳቸው፣ "ጣዎስ ተረከዝ አለው እንዴ?"

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ከባቱ ጎን እንከን መስሎኝ ያለፍኳት ነጥብ ነበረች።

"እሷን አጽጂልኝ" አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል።

አጸዳኋት። ጨረር አወጣች። ኮከብ ናት።

"ሌላ ፈልጊ።"

ሁለተኛዋ ከእሷ በላይ ነበረች። ጋሽ አጉሊ የፎቶግራፍ አንሺዋ ቦርሳ ላይ ቁጭ አሉ፤ ቦርሳ መሆኑንም አላወቁም። እሷም ካሜራዬ አላለች፣ ምን አላለች፤ ፊታቸውን እያየች ቆማ ቀረች።

"ፊደሉን። ከግራ፣ ከታች።"

"ዲ ... አይ ... ቪ ..." እያልኩ ያየሁትን እነግራቸው ጀመር። ከዚያ በላይ አላስጨረሱኝም። ተነሥተው ቆሙ። ታላቅ ሰው ሲገባ እንደሚቆመው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው ቆሙ። ያን ማጉያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔ ሙዚየሙ ከገባሁ ጀምሮ ሲያወልቁት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "ቆይ" ብለው ወጡና በደረጃው ላይ ሲሮጡ ሰማናቸው፤ በዚያ ጉልበታቸው!

ሲመለሱ የያዙት ያንን ትልቁን መጽሐፍ ነው፤ እስካሁን የታወቁ የሮም ሳንቲሞች ሁሉ በዓይነት በዓይነታቸው የተዘረዘሩበትን። ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡልን።

"ፊት፤ ዶሚቲያ፣ ፀጉሯ ከፊት የተቆለለ፣ ከኋላ የተጎነጎነ። ጀርባ፤ ሕፃን፣ ሉል ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ ዙሪያውን ሰባት ከዋክብት።" ቀና አሉ። "ዕድሜዬን በሙሉ በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው። እጄ የሚነካው አይመስለኝም ነበር።"

"ሕፃኑ ማን ነው?" አለች ፎቶግራፍ አንሺዋ።

"ጽሑፉ 'አምላክ የሆነው ቄሳር፣ የንጉሠ ነገሥቱ የድምጥያኖስ ልጅ' ይላል። አምላክ የሆነው ሲሉ ሞቷል ማለታቸው ነው። በሞቱ ከአማልክት ጋር የሚቆጥሯቸውን እንዲህ ይሏቸዋል። የእሷና የእሱ ወንድ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ነው የሞ..."

እዚህ ላይ አስታወሱኝ። ቃሉን አልጨረሱትም፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እኔ "እጄን ልታጠብ" ብዬ ወጣሁ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፈትኩና ቆምኩ። ልጄ፣ ማልቀስ አልነበረም የያዘኝ። እጄን በአፌ ላይ ጭኜ ግድግዳውን አያለሁ። ልክ በሌለው ትልቅ ነገር ፊት የቆምኩ መሰለኝ። በዚያን ዘመን ዓለም በእጃችን ናት የሚሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጦር ነበራቸው፤ መርከብ ነበራቸው፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ስማቸውን ሰምቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ትንሽ ነፍስ ግን ይዘው ማስቀረት አልቻሉም። ቢቸግራቸው ምድሪቱን እንደ ኳስ አድርገው መቀመጫ ሰጡት። ከዋክብቱን ከሰማይ አውርደው ዙሪያውን አኖሩለት። ከዚያ በብር ቀርጸው በሰው ሁሉ እጅ ላይ ላኩት፤ ወታደሩም ይያዘው፣ ነጋዴውም ይያዘው፣ ማንም ይሁን ማን "ልጃችን ነበረ" የሚለውን በመዳፉ ይጨብጥ ብለው።

ጋሽ አጉሊ በኋላ ይህን ስነግራቸው "ፖለቲካ ነው" አሉ። "የአምላክ አባት ነኝ ለማለት ነው። ሰውየው ጨካኝ ነበር።" ይሆናል። ጨካኝስ ልጁ አይሞትበትም እንዴ?

እሳቸው በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበራቸውም። ውድ ነገር ሁሉ አስመሳይ አለውና፣ በቅርጽ ማውጫ ቀልጦ የፈሰሰ ቢሆንስ፣ የቅርብ ጊዜ እጅ የሠራው ቢሆንስ እያሉ መዘኗት፣ ጠርዟን ዞረው ዞረው አዩ፣ ፎቶዋንም ሌላ ከተማ ላለች የሮም ሳንቲም አዋቂ ላኩላት። ሴትዮዋ የደወለች ቀን ሁላችንም ስልኩን ከበብነው።

"እውነተኛ ናት" አለች። "ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበረች?"

"የማይነበቡ ውስጥ" አሉ ጋሽ አጉሊ፤ የሳቁም ያለቀሱም ይመስላሉ።

የቀረው ፊቱ ነበር። የሕፃኑ ፊት ገና በቅርፊት እንደተሸፈነ ነው፤ ስንጥቁ ደግሞ ወደ ትከሻው ያመራል። ጋሽ አጉሊ "ዓይነቱ ታውቋል፤ ፊቱ ቢቀር ምንም አይጎድልብንም" አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ፊቱን ሳላይ መተው አልሆንልኝ አለ። ይህን ለእሳቸው አላልኳቸውም። ለአንቺ ግን እላለሁ፤ ፊቱን በአካል ሳላይ የቀረሁት ልጅ አንድ ይበቃኛል።

ፎቶግራፍ አንሺዋ አየር እንዳይነካን መስኮቷን ዘጋች። ጋሽ አጉሊ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ መንገደኛው ጫማ ያያሉ። እኔ በእሾኋ ጫፍ ነካሁት፤ ተውኩት፤ እንደገና ነካሁት። በመጨረሻ ቅርፊቱ አንድ ላይ ብድግ ብሎ ተነሣ። ስንጥቁ አልተንቀሳቀሰም።

ፊቱ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። ያን የቀረጸው ሰው ብሩ በሚመታበት ጠንካራ ብረት ላይ፣ እንደ ማኅተም ግራና ቀኙን ገልብጦ፣ በመዶሻና በመሮ የሠራ ነው። ማን ያየዋል ብሎ እንደ ነገሩ ሊያልፈው ይችል ነበር። አላለፈውም። ጉንጭ ሰጥቶታል። ድብልብል ያለ፣ የጠገበ፣ የሚሳም ጉንጭ።

የኛን ጉንጮ፣ ልጅሽን አየሁት፣ ልጄ። አባትሽ የመጀመሪያዋን ፎቶ እንዳየ "ይህማ ጉንጮ ነው" ብሎ ስም ያወጣለትን። ያኔ አለቀስኩ። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብዬ፣ ሳንቲሟ ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ አለቀስኩ። ጋሽ አጉሊ መሐረባቸውን ሳያዩኝ አቀበሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ አባትሽ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። "ዝገትሽ እንዴት ዋለ?" አለኝ።

"ልጅ ነው የወጣው" አልኩት።

"ምን?"

"ልጅ! ሕፃን ልጅ!"

"የማን ልጅ?"

እንግዲህ ምን ላድርግ? እንዲህ ያለ ነገር ተጩኾ አይነገርም፤ ሳይጮኽ ደግሞ አይሰማም። በወጥ ቤቱ መሐል ቆሜ በሙሉ ድምፄ "የንጉሥ ልጅ! የሞተባቸው! ኮከብ መሐል ያስቀመጡት!" ብዬ ጮኽኩ። ቢላውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ "ስሙ ማን ነበር?" አለ።

"በእርግጠኝነት አይታወቅም! ሳንቲሙ የአባቱን እንጂ የእሱን አይነግረንም!"

"የእኛ ልጅ ስሙ ይታወቃል" አለና ጠራው። በቤት ስሙ አይደለም፤ ዋና ስሙን፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ አድርጎ ጠራው። ጆሮ የከዳው ሰው መቼም ድምፁን አይመጥንም፤ ግድግዳው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዓመት በላይ በዚህ ቤት ያልተነሣ ስም ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ሬዲዮዋን ዘጋች። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አብሬው ጠራሁት። ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ ያልጻፍኩት ረስቼው እንዳይመስልሽ። ከእንግዲህ ከአንቺ አፍ ልሰማው ስለምፈልግ ነው።

በማግሥቱ አባትሽ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ማመን ብትችዪ ያንን መሣሪያ ጆሮው ላይ አድርጎ "ውሰጂኝ" አለኝ። ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥኩት። አጎነበሰና ቀረ። ጋሽ አጉሊ ከጎኑ ቆመው ያስረዱታል፤ ሉሉ ዓለም ነው፣ ኮከቦቹ ሰማይ ናቸው፣ እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋው ወደ ከዋክብቱ ነው እያሉ።

"አይደለም" አለ አባትሽ ቀና ሳይል። "እቀፉኝ እያለ ነው።"

ጋሽ አጉሊ አፋቸውን ከፈቱ። ማስረጃ ሊሉ መሰለኝ።

"የኛም እንዲህ ያደርግ ነበር" አለ አባትሽ። "በስልኩ ውስጥ። እኔን ሲያይ ሁለት እጁን እንዲህ። እኔም እጄን እሰድ ነበር፤ መስታወቱን ነው የምነካው።"

ጋሽ አጉሊ ቀስ ብለው ወንበር ስበው ከአባትሽ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ተቀባብለው ያያሉ።

አሁን ሳንቲሟ ለሕዝብ ትታያለች። ጋሽ አጉሊ ከንጉሠ ነገሥታቱ ተርታ አልጨመሯትም። ለብቻዋ፣ በጠባብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አቁመዋታል፤ ሰው ዞሮ ሁለቱንም ገጽ ማየት ይችላል። እኔ ጠዋት ጠዋት ስገባ አንድ ጊዜ እዞራታለሁ። እናትየው በአንድ በኩል ናት፤ ልጁ በሌላው። አይተያዩም። በመካከላቸው ያለው ውፍረት ግን ከጥፍር አይበልጥም፤ አንዱ ያለ ሌላው አልተመታም። ዞሬ ስጨርስ የማስበው አንቺን ነው። ሰው ሁሉ "ወጣት ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ፣ እርሺው" እያለ እንደሚያደክምሽ አውቃለሁ። እነዚያ ሰዎች ረስተው ቢሆን ኖሮ እኔ ምንም አላገኝም ነበር።

ሌላ ወሬ ደግሞ፤ የአባትሽም የእኔም ቪዛ ተመቷል። ያኔ ለእሱ ብለን የጠየቅነው ፈቃድ ሲደርሰን ሁሉ ነገር አብቅቶ ነበር። አሁን በእጃችን ነው። ብርዱ ሲሰበር እንመጣለን። ሌላ ምንም አታዘጋጂልን፤ እሱ ወዳረፈበት ብቻ ውሰጂን። አባትሽ እዚያ መሬቱን ልንካው ይላል።

ባለፈው ሰሞን ባልሽ ደውሎልን ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጤናችንን ጠየቀ። "እሷስ እንዴት ናት?" ስለው "ደህና ናት መሰለኝ" አለኝ። "መሰለኝ" የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። አልጠየቅኩትም። አንቺንም አልጠይቅሽም። እሱም ግን አባቱ ነው፤ እሱንም "እርሳው" የሚሉት ሰዎች አያጡትም። ስለዚህ አደራ፣ ይህን ደብዳቤ ለእሱም አንብቢለት። ማታ አብራችሁ የምትቀመጡ ከሆነ ያኔ፤ ካልሆነም ደውለሽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትቸኩዪ።

ፈጣሪ ከእንቅልፍሽ ጋር ያስታርቅሽ። እጅሽ ላይ ያለውን ይባርክልሽ፤ ከእጅሽ ያመለጠውን እሱ ይያዝልሽ። ዓይን ለዓይን እስክንተያይ በደህና ያቆይሽ፤ ሁለታችሁንም።

የምትወድሽ
እናትሽ